ማሄ ደሴት ላይ በእግር ስትጓዙ መንገድ ቢጠፋባችሁ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ለጫጉላ ወይም ለዕረፍት ወደ ሲሸልስ የሚሄዱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያለ አስጎብኚ ተራራ ብንወጣና መንገድ ቢጠፋብንስ?» አብዛኞቹ መልሱንም ይዘው ነው የሚመጡት። ማሄ ደሴት ስለሆነች ቁልቁል ከወረዱ የባሕር ዳሩ አስፋልት ላይ መውጣታቸው የማይቀር ይመስላቸዋል። ሰው የሚጎዳው በዚህ ሐሳብ ነው። የሲሸልስ ትልቋ ደሴት ማሄ ርዝመቷ ወደ 27 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቷ ቢበዛ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆንም መሐሏን የያዘው 905 ሜትር ከፍታ ያለው የሞርን ሴሸልዋ ተራራ ነው። ከደኑ ሥር ያለው ግራናይት ድንጋይ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ለስላሳ የሚመስል አረንጓዴ ቁልቁለት መሐል ላይ ድንገት ገደል ይሆናል። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙ፦ መንገድ ሲጠፋ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ እንጂ ወደ ታች አትውረዱ።

ከታች የምታዩዋቸው ሰዓቶች ስልካችሁ እንደሚያሳየው በሲሸልስ ሰዓት ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር በቅንፍ አስገብተናል። ሲሸልስ ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ትቀድማለች።

የምትይዙት (ለሁለት ሰው፣ ለግማሽ ቀን)

- 4 ሊትር ውኃ። ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ሰውነት ሳይቀዘቅዝ ውኃ ብቻ ይጨርሳል።
- 2 ከረጢት ኦአርኤስ (በላብ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት)። አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ካላገኛችሁ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውኃ አሟሙ።
- ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፊሽካ፣ በአንገት የሚንጠለጠል። ቦርሳ ውስጥ ያለ ፊሽካ ቦርሳው ሲወድቅ አብሮ ይሄዳል።
- ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። የስልክ መብራት የስልኩን ቻርጅ ይበላል፣ አንድ እጃችሁንም ይይዛል።
- 10,000 ኤምኤኤች ፓወር ባንክ ከነገመዱ። ስትበሩ ከእጅ ሻንጣችሁ ጋር ያዙት፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።
- ነጭ ነጠላ ወይም ብርቱካንማ ፎጣ። አረንጓዴ ደን ውስጥ ከሩቅ የሚታየው ይህ ነው።
- ቀላል የዝናብ ልብስና ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ፌስታሎች
- ብስኩት፣ ሙዝ፣ ኦቾሎኒ
- ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል
- ሶሉ ጥርስ ያለው ሽፍን ጫማና ስስ ረጅም ሱሪ። ነጠላ ጫማ እርጥብ ግራናይት ላይ አይቆምም።

ከመነሳታችሁ በፊት

1. ካርታውን ሆቴል ሳላችሁ አውርዱ። ጎግል ማፕስ ያለ ኢንተርኔት ሲከፈት የመኪና መንገዱን እንጂ የእግር መንገዱን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ ኦርጋኒክ ማፕስ የተባለው መተግበሪያ ግን ያሳያል። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚሠራ ካርታው ከወረደ ኔትወርክ አያስፈልገውም። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ፣ ሎኬሽኑን አብርታችሁ ካርታውን ክፈቱ። ያላችሁበት ቦታ በሰማያዊ ነጥብ ከታየ ተዘጋጅታችኋል፤ ካልታየ ጉድለቱን የምታስተካክሉት እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ነው።

2. የመመለሻ ሰዓታችሁን ለሆቴሉ ሰው ጽፋችሁ ስጡ። የምትሄዱበትን መንገድ ስም፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የስልክ ቁጥሮቻችሁን፣ የምትመለሱበትን ሰዓትና እስከ ስንት ሰዓት ካልመጣችሁ ፖሊስ ይጠራ እንደምትሉ ጻፉ። በቃል አትናገሩት። በእኛ ልማድ «በ9 እንመለሳለን» ብትሉ ሰምቶ የሚጠብቃችሁ ሌሊት 21፡00 ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ «15፡00» ብላችሁ አስፍሩ።

3. የእርዳታ መልእክት አስቀድማችሁ አዘጋጁ። በእንግሊዝኛ፣ አጭር፦ መንገድ ጠፍቶብናል፣ ይህን ያህል ሰው ነን፣ የተጎዳ አለ ወይም የለም፣ ያለንበት ቦታ ቁጥር ይኸው፣ የስልካችን ቻርጅ ይህን ያህል ነው። ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። በደነገጣችሁ ሰዓት ቃላት መፈለግ ቻርጅም ጊዜም ይበላል። 999 የአገሩ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነው፤ እሱንና የሆቴሉን ቁጥር (በ+248 የሚጀምር) ሁለታችሁም ስልክ ላይ መዝግቡ።

4. ጠዋት ውጡ፣ የመመለሻ ገደብ አብጁ። 08፡00 (ጠዋት 2 ሰዓት) ላይ መንገድ ጀምሩ፤ 13፡00 (ቀን 7 ሰዓት) ሲሆን ጫፍ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም ተመለሱ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ18፡10 እስከ 18፡40 (12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ከ40) ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ከዚያ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በኋላ ጨለማ ነው። ዛፍ ሥር ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። አገር ቤት ላለ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። በተለይ አውሮፓ የምትኖሩና በበጋ እስከ ማታ የሚቆይ ብርሃን የለመዳችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ «ገና ጥቂት ብርሃን አለ» የሚባለው ጊዜ እዚያ የለም። በታኅሣሥና በጥር ዝናቡ ስለሚበረታ የመመለሻ ገደቡን በአንድ ሰዓት አስቀድሙት።

መንገድ ላይ ሳላችሁ

5. መገንጠያ በደረሳችሁ ቁጥር ዙሩና ፎቶ አንሱ። የምታነሱት የምትሄዱበትን አቅጣጫ አይደለም፤ የመጣችሁበትን ነው። መንገድ ሲመለሱበት ሌላ መንገድ ይመስላል፤ በስተግራ የነበረው ድንጋይ በስተቀኝ ይሆናል፣ ከኋላው ያልታየው ሌላ ቀጭን መንገድም ብቅ ይላል። ፎቶው ሰዓቱን ስለሚይዝ በኋላ «ከዚህ ቦታ ከተነሳን ስንት ደቂቃ ሆነን?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሰጣል።

6. ዐለት ላይ ስትወጡ የወጣችሁበትን ቀዳዳ አስታውሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ አንብቡት። ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ተነስቶ ተራራውን በሚያቋርጠው በሳን ሱሲ መንገድ ዳር የሚጀምረው የኮፖሊያ መንገድ ሥሮችና ድንጋዮች ተረግጠው የተላገ፣ ግልጽ የሆነ መንገድ ነው፤ ደን ውስጥ ሳላችሁ መሳት ይከብዳል። ጫፉ ላይ ግን፣ ወደ 500 ሜትር ከፍታ፣ ደኑ ያበቃና ሰፊ ገላጣ ግራናይት ይጀምራል። ዐለት የእግር ዱካ አይዝም። ሰው ቪክቶሪያንና ባሕሩን እያየ፣ ነፍሳት የሚበላውን ተክል ፎቶ እያነሳ ወዲያ ወዲህ ይልና ሲመለስ የደኑ ጠርዝ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ይሆንበታል። ከዚያ መንገድ የመሰለውን የመጀመሪያ ክፍተት ይይዛል፤ ክፍተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ነው።

   ስለዚህ የመጀመሪያውን እግራችሁን ዐለቱ ላይ እንዳሳረፋችሁ ቁሙ። ዙሩና የወጣችሁበትን ቀዳዳ ፎቶ አንሱ። ካርታው ላይ ቦታውን ምልክት አድርጉ። ከቀዳዳው አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ላይ ነጠላውን እሰሩና ስትመለሱ ፍቱት። ጠቆር ያለ ጭረት ያለበትን ዐለት አትርገጡ፤ ውኃ የሚሄድበት ስለሆነ ቀጭን አልጌ ይዞታል፣ ደረቅ ቢመስልም ያንሸራትታል።

7. የቀለም ምልክት ካጣችሁ 10 ደቂቃ አትለፉ። በዛፍና በድንጋይ ላይ የተቀባ ምልክት ያለበት መንገድ ከሆነ፣ የመጨረሻውን ካያችሁ 10 ደቂቃ ካለፈ መንገዱን ስታችኋል ብላችሁ ተነሱ። አሁን ከተመለሳችሁ የጠፋባችሁ 10 ደቂቃ ነው። «ትንሽ ወደፊት እንይ» ካላችሁ ግን የምትፈልጉት ቦታ በየደቂቃው እየሰፋ ይሄዳል።

መንገዱ ከጠፋባችሁ

8. ቁሙ፤ ከዚያ ተቀመጡ። 10 ደቂቃ ጥላ ሥር ዕረፉ፣ ውኃ ጠጡ፣ የሆነ ነገር ብሉ። የደነገጠ ሰው እርምጃው ይፈጥናል፣ ምልክትም አያይም። ሁለት ከሆናችሁ በዚህ ሰዓት «አንተ ነህ ያመጣኸን» «አንቺ ነሽ ያልሽው» አትባባሉ፤ ክርክሩ መንገድ ወደ መምረጥ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ መለያየት። በምንም ምክንያት አትለያዩ።

9. እርግጠኛ የነበራችሁበትን የመጨረሻ ቦታ ለዩ። ፎቶዎቹን ከነሰዓታቸው ተመልከቱ። ካርታውን ክፈቱና ሰማያዊው ነጥብ ከመንገዱ መስመር በየት በኩል እንዳለ እዩ። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ነጥቡ አሥርና ሃያ ሜትር ሊዘል ይችላል፤ ለሁለት ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁት። ስልኩ ላይ ያለው ኮምፓስ ከተዛባ ስልኩን በአየር ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እያሳያችሁ አዙሩት።

   በፀሐይ አቅጣጫ ለመለየት ከፈለጋችሁ ጠዋትና ማታ ብቻ እመኑባት። ማሄ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ወደ 4.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት፤ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ጥቂት ትዘነብላለች። እኩለ ቀን ላይ ጥላ አይቶ አቅጣጫ የሚገምት ሰው በቀላሉ ይገለበጥበታል። በዛፍ ላይ ያለ ሽበትም አይረዳም፤ እርጥብ ደን ውስጥ ሽበቱ በሁሉም በኩል ይበቅላል።

10. ያላችሁበትን ሳትለቁ ፈልጉ። ነጠላውን ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ እሰሩ። አንዳችሁ ከነጠላው ሥር ቁሙ፤ ሌላው መጀመሪያ በመጣችሁበት በኩል 50 እርምጃ ይሂድ፣ እየቆጠረ። መንገዱን ካላገኘ በዚያው መስመር ይመለስና በሌላ በኩል ይሞክር። የሚሄደው ሰው ነጠላውን ወይም የቆመውን ሰው ማየት ካቃተው 50 ባይሞላም ይመለስ። በዚህ መልኩ አራቱንም አቅጣጫ ለማየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጥቅሙ፣ ባታገኙትም የባሰ አትጠፉም።

11. በዱካችሁ ተመለሱ፣ ወይም እዚያው ሁኑ። የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ የተገለበጠ ቅጠል፣ ጭቃ ላይ የጫማችሁ ጥርስ ከታየ እሱን ተከትላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ወደ ላይ የሚያስወጣችሁም ቢሆን። ግማሽ ሰዓት ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ሰው ከተጎዳ፣ ወይም ሰዓቱ 16፡30 (ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል) ከሆነ ፍለጋው አብቅቷል። እዚያው ቁሙና እርዳታ ጥሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ወንዝ ተከትላችሁ አትውረዱ። ሌላ አገር የሚሠራ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ማሄ ላይ ግን ወንዞቹ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለሉ ፏፏቴ ይሆናሉ። በቋጥኞቹ መሐል ያለው ክፍተት በቅጠል ይሸፈንና እግር ይውጣል። የወረዳችሁትን እርጥብ ዐለት መልሳችሁ መውጣት አትችሉም፤ ወደ ታችም አይኬድም። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክም ጂፒኤስም ይደክማል፣ የውኃው ድምፅ ደግሞ ፊሽካችሁን ይሸፍነዋል።

12. ደውሉ። ሰው ከተጎዳ ወይም ሊመሽ ከሆነ በቀጥታ 999፤ ካልሆነ መጀመሪያ ሆቴሉ። የሆቴሉ ሰው መንገዱን ያውቃል፣ ከፖሊስ ጋርም በአገሩ ቋንቋ በክሪዮል ይነጋገርላችኋል። የእናንተ ኔትወርክ ከሌለ 112ን ሞክሩ፤ በሌላ ኩባንያ ኔትወርክ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ድምፅ ካልሄደ ያዘጋጃችሁትን መልእክት በኤስኤምኤስ ላኩ፤ ለጥሪ የማይበቃ ደካማ ሲግናል ለኤስኤምኤስ ሊበቃ ይችላል።

    የቦታችሁን ቁጥር ስትልኩ ከካርታው ላይ ቀድታችሁ እንጂ በእጅ አትጻፉ። የማሄ ቁጥር በ-4 ይጀምራል፣ ሁለተኛው 55 ነው። የመቀነሱ ምልክት ከወደቀ ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባሕር ላይ ያስቀምጣችኋል። ከላካችሁ በኋላ ከቦታው አትነሱ፤ ፈላጊዎቹ የሚመጡት ወደ ላካችሁት ቁጥር ነው።

13. ምልክት ስጡ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ አድምጡ፣ ድገሙ። ማታ ያንኑ በባትሪ ብልጭታ አድርጉ። የፈላጊዎቹ መልስ በደቂቃ 3 ጊዜ ነው። ዝምታው ግዴታ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚነፋ ሰው የሚመልስለትን አይሰማም። መጮህ ይቅር፤ ድምፅ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይጎረንናል፣ እንደ ፊሽካም ሩቅ አይሄድም። ነጠላውን ሰማይ በሚታይበት ክፍት ቦታ ዘርጉ። እሳት አታንድዱ፤ የብሔራዊ ፓርክ ደን ነው።

14. የሚመሽባችሁ ከሆነ ብርሃን ሳለ ማደሪያ አብጁ። 17፡30 (11 ሰዓት ተኩል) ሲሆን ሥራ ጀምሩ። ከወንዝ ዳርና ከቋጥኝ ሥር ራቁ፣ ከኮኮናት ዛፍ ሥርም አትቀመጡ። ቅጠል በክንድ ርዝመት ውፍረት ከምሩና ላዩ ላይ ሁኑ፤ ሙቀታችሁን ከአየሩ ይልቅ እርጥብ መሬት ይወስደዋል። ፌስታሉን ለፊት ቀዳዳ ቀዳችሁለት ከላይ ልበሱት። ሙቅ አገር ነው ብላችሁ አትናቁ፤ የረጠበ ሰው ተራራ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉና በየሰዓቱ መጀመሪያ ለ5 ደቂቃ ብቻ ክፈቱት፤ ይህንኑ ለጠራችሁት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ።

    አውሬ አያሳስባችሁ። በሲሸልስ የብስ ላይ ሰው የሚገድል መርዝ ያለው እባብ የለም፣ በዛፎች መሐል ድር የሚያደራው ትልቁ ሸረሪትም አይጎዳም። የሚያምመው ትልቁ መቶ እግር ነው፤ ጫማና ልብስ ሳታራግፉ አትልበሱ። ቁጥቋጦ ሥር ደግሞ የተርብ ጎጆ አለ፣ ስለዚህ ቅጠል በእጅ ሳይሆን በዱላ ግለጡ። የተነደፈ ሰው ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ሌላውን ሁሉ ትታችሁ 999 ደውሉ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ውኃ መቆጠብ አንዱ ነው። ለነገ ብሎ የተጠማ ሰው አእምሮው ቀድሞ ይደክማል፤ ሲጠማችሁ ጠጡ፣ የምትቆጥቡት እንቅስቃሴያችሁን ይሁን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ ከታየ ሰውየውን ጥላ ሥር አስተኙ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ኦአርኤስ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። መቀባጠር ከጀመረ ወይም ሰውነቱ እየጋለ ከተደናገረ የፀሐይ ምት ነው፤ ልብሱን አውልቁ፣ አንገቱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን በውኃ እያራሳችሁ አራግቡ፣ ደውሉ። ራሱን ለማያውቅ ሰው የሚጠጣ አትስጡ።

ሌላው አቋራጭ ነው። የመኪና ድምፅ በደኑ ውስጥ ሲሰማ አስፋልቱ ቅርብ ይመስላል፤ መሐል ያለውን ገደል ግን ድምፅ አያሳይም። ካርታው ላይ 300 ሜትር የሚመስለው ቀጥታ መስመር ቁመቱን ስለማይነግራችሁ በእሱም አትታለሉ።

ሦስተኛው የማያውቁትን ፍሬ መብላት ነው። አንድ ሌሊት ያለ ምግብ ማደር አይጎዳም፤ ማስመለስና ማስቀመጥ ግን ያላችሁን ውኃ ይጨርሰዋል።

ከተመለሳችሁ በኋላ

15. ለጠራችኋቸው ሁሉ መመለሳችሁን አሳውቁ። ለሆቴሉም ለፖሊሱም። በራሳችሁ መንገዱን አግኝታችሁ ወጥታችሁ ዝም ካላችሁ ሰዎች በጨለማ እናንተን ፍለጋ ያን ዐለት ይወጣሉ።

16. ቁስላችሁን እጠቡ፣ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪም የነበራችሁበትን ንገሩ። ሲሸልስ ውስጥ ወባ የለም፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ ግን በብዛት ይገኛል። ባክቴሪያው በአይጥ ሽንት በተበከለ ውኃና ጭቃ ውስጥ ይኖራል፣ በተጫረ ቆዳ በኩል ይገባል። የወንዝ ውኃ ያላፈላችሁትን አትጠጡ የምንለውም፣ ጭረትን በፕላስተር ሸፍኑ የምንለውም ለዚህ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይጀምራል፤ አንዳንዴ እስከ አንድ ወር ይዘገያል። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ በተለይ የባት ጡንቻ ሕመም፣ የዓይን መቅላት። በዚያን ጊዜ አብዛኞቻችሁ አገር ቤት ናችሁ፣ የሚታሰበውም ታይፎይድ ወይም ወባ ነው። ክሊኒክ ስትገቡ «ሲሸልስ ነበርን፣ ጭቃና የወንዝ ውኃ ነክቶናል» ብላችሁ ጀምሩ። በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ሲዘገይ ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል።